ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና እና የአባት ፊርማ

በሻዓራይም የሚኖር አስተማሪ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራው አይዘጋም። አንዱ ጎረቤት የባንክ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ አንዷ እናት ከኩፓት ሖሊም የተላከላትን ወረቀት «እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዲስ ዓይነት ወረቀት በዝቷል። ልጆቻችን ከጻቫ ሲሰናበቱ መኪና ይገዛሉ፤ ወላጆች የብድር ወረቀት ይዘው ይመጡና «ልጄ ዓረቭ ሁነኝ፣ ፈርምልኝ ብሎኛል፤ ልፈርም ወይስ ልተው?» ብለው ይጠይቁኛል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ መኪና ሲገዛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬው ነበርኩ። መኪናዋም እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ተጣጥፎ ከኋላ የሚገባ፣ ስፖርት የምትባል ዓይነት ነች። እዚህ አገር ካብሪዮሌ ይሏታል። በዚያ ጊዜ ያየሁትና የሰማሁት ለብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ ጻቫውን ጨርሶ ይሠራል። አባቱ፣ የእህቴ ባል፣ የመኪናዋን ፎቶግራፍ በስልክ ሲያይ «ጣሪያዋ የት ሄደ? ይህች መኪና ናት ወይስ ጀልባ?» አለ። ልጁ ደግሞ «አባባ፣ ገንዘቡ የኔ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ገንዘቡ ሁሉ የእሱ አልነበረም። ወታደር ሲሰናበት ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። ማዕናክ የሚባለው በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል፤ ለፈለገው ያውለዋል። ፒቃዶን የሚባለው ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ንግድ ለመክፈት፣ መንጃ ፈቃድ ለመማር እንጂ መኪና ለመግዛት አይወጣም። ስለዚህ የጎደለውን በብድር ሊሞላ አሰበ፤ ለብድሩ ደግሞ የአባቱ ፊርማ ተፈለገ።

እህቴ ደውላ «ወንድሜ፣ ናና አስታርቃቸው» አለችኝ። ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ ሁለቱም ተናገሩ። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣሪያ ያላት ትሁን የሌላት የሚለውን እንተወው። ልጁ ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፣ የሚወደውን ይምረጥ። አባት ግን ‹ሳትመረመር አንዲት ሼቄል አትወጣም› የማለት መብት አለው። ልጁ ይህን ከተቀበለ አባትም ‹አይሆንም› ማለቱን ያቆያል።» ሁለቱም ተስማሙ፤ ልጁ ምርመራውን እንደ ቀላል ነገር አይቶት፣ አባቱ ደግሞ ምርመራው መኪናዋን ይጥላታል ብሎ ተስፋ አድርጎ።

በቅሎ ስትገዛ

አባቴ ቄስ ነበሩ። በአምቦበር አካባቢ ሰው በቅሎ ሲገዛ ብዙ ጊዜ «አባ፣ ይምጡና ይዩልኝ» ይላቸው ነበር። እሳቸው ነጋዴ ስለሆኑ አይደለም፤ ገበያ ውስጥ የማይቸኩል ሰው ስለሆኑ ነው። በመጀመሪያ ኮርቻውን ያስወርዳሉ፤ ጀርባዋን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ከኮርቻ ሥር የተደበቀ ቁስል ካለ እዚያ ይገኛል። ከዚያ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ። በቅሎ እስከ 5 ዓመቷ ገደማ የወተት ጥርሷን ጥላ ትጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ የሚታወቀው ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ በማየት ነው። ከዚያ ቁልቁለት ያስነዷታል፤ ሜዳ ላይ የማታነክስ በቅሎ ቁልቁለት ላይ ታነክሳለችና። በመጨረሻ ሻጩን ሳይሆን የሻጩን ጎረቤት ነጠል አድርገው «ለምንድን ነው የሚሸጣት?» ይሉታል።

ኦሪትም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ሰው ለወገኑ ሲሸጥም ሆነ ከወገኑ ሲገዛ እንዳያታልል ያዛል። ሊቃውንቱ እዚህ «ኦናኣ» ይሉታል። የዚህ አገር ሕግም የራሱን መንገድ ሠርቷል። በ1968 የወጣው የሽያጭ ሕግ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ «ዘግይተህ ነገርከኝ» ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድም። በ2008 የወጣው ያገለገለ መኪና ሽያጭ ሕግ ደግሞ ነጋዴ ስለ መኪናው ታሪክ ለገዢው በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ፍርድ ቤት መሄድ ወራትና ዓመታት ይወስዳል፤ መኪና ማስመርመር የሚወስደው ሰዓታት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ምርመራው ከክፍያ በፊት ይሁን።

የመጀመሪያዋ መኪና

የመጀመሪያዋን መኪና ያየነው በነሐሴ ሙቀት ነው። ቀይ ናት፤ ታጥባ፣ ተወልውላ ታበራለች። ሻጩ ከተማውን አልጠራም፣ ስሙንም አልጠራም። ገና ሰላም ሳንባባል «ዛሬ ማታ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ ከፈለጋችሁ አሁን ሚቅዳማ አስቀምጡ» አለ። የእህቴ ልጅ እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ አየሁት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትል ነበር አያትህ» አልኩት። ፈገግ አለና እጁን መለሰ።

ከእኛ ጋር አንድ ጎረቤታችን መጥተው ነበር። ሻዓራይም የየመን አይሁዶች የመሠረቱት ሠፈር ነው፤ እኚህም ሽማግሌ የየመን ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሳኽ ውስጥ ያሳለፉና አሁን ጡረታ የወጡ። ሞተሩን አልነኩም፤ ኮፈኑንም አላስከፈቱም። በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉና ከመቀመጫው ሥር ያለውን ምንጣፍ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ። «ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ አራት ወር አልፎታል፤ ይህ ምንጣፍ ግን የሻገተ ይሸታል» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለምን እዚያ እንዳዩ በኋላ አስረዱኝ። ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና፣ ጨርቅም ይሁን ብረት፣ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ተደርጎ አልተሠራም። ጥቂት ውሃ በጎሚኒዎቹ ጠርዝ ያልፋል፤ ያለፈውን ውሃ የሚሰበስቡ ቦዮችና ወደ ታች የሚያፈሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ዛፍ ሥር የቆመች መኪና ቅጠሉና አቧራው ቱቦዎቹን ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ ውሃው መንገድ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ምንጣፉን ያሻግታል፤ ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ከውስጥ ያዝጋል፤ ከወለሉ ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ያበላሻል። በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪናዎች አንደኛዋ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ነች። በ1989 ወጥታ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። እሷን የሚያውቁ መካኒኮች ሁሉ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያሉትን የውሃ ቱቦዎች ሳያዩ አያልፉም። በብዛት የተሠራች መኪና ጥቅሟም ይህ ነው፤ መለዋወጫዋ ይገኛል፣ ድካሟም የታወቀ ነው።

የዚህ አገር ፀሐይ ጎሚኒን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ዝናቡ ደግሞ እንደ እኛ አገር ክረምት በሰኔ አይገባም፤ ከሱኮት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በበጋ ካብሪዮሌ የሚገዛ ሰው የጣሪያዋን ጉድለት የሚያውቀው ከከፈለ ከወራት በኋላ ነው። በበጋ መግዛት ግድ ከሆነ ጣሪያው ተዘግቶ በጎማ ቱቦ ውሃ ይፍሰስባት፤ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የበሩን ጠርዝና የመስተዋቱን ጫፍ በእጁ ይዳስስ። ሻጩ «ውሃ አታፍስሱ» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

እኛ ውሃ ማፍሰስ ላይ አልደረስንም። የእህቴ ልጅ በስልኩ የመኪናዋን ቁጥር አስገብቶ ሚስራድ ሃታሕቡራ ለሕዝብ ከፍቶ ያስቀመጠውን መረጃ አየ። እዚያ መኪና በመጨረሻው ዓመታዊ ቴስት ስንት ኪሎሜትር እንደነበረች ይገኛል። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ 92 ሺህ ይላል፤ በመዝገቡ ግን ከቴስቱ ቀን ጀምሮ 118 ሺህ ነበረች። መኪና እየተነዳች ኪሎሜትሯ አይቀንስም። ልጁ ስልኩን ለአባቱ አሳየው። አባቱ ዕብራይስጥ በደንብ ባያነብም ቁጥር ያነባል። «እንሂድ» አለ፤ ሄድን።

ዕቁቡና የመጠበቅ ጥቅም

በመመለሻ መንገድ ልጁ ዝም ብሎ ነበር። ቤት ስንደርስ አባቱ ያልጠበቅነውን ተናገረ። «ዓረቭ ሆኜ ለባንክ አልፈርምም። ግን መኪናውን አትግዛ አልልህም። ከአጎቶችህ ጋር ዕቁብ ግባ፤ ዕጣው ሲወጣልህ ያለ ወለድ ትገዛለህ።» ልጁ መጀመሪያ ከፋው። ወጣት ሰው ስድስት ወር መጠበቅ ስድስት ዓመት ይመስለዋል።

ግን ያ መጠበቅ ሦስት ጥቅም አመጣ። አንደኛው ወለድ ቀረ። ሁለተኛው የኢንሹራንስ ነገር ነው። ብዙ ወላጆች ቢቱዋሕ ሖቫ ከተከፈለ ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስላቸዋል። አይደለም። ቢቱዋሕ ሖቫ የሚሸፍነው በአደጋ የተጎዳን የሰው አካል ብቻ ነው። የሌላው ሰው መኪና ቢገጭ ጻድ ጊመል ያስፈልጋል፤ የራሳችን መኪና ቢጎዳ ወይም ቢሰረቅ ቢቱዋሕ ማቂፍ ያስፈልጋል። ከ24 ዓመት በታች ያለ ሾፌር በኢንሹራንሶች ዘንድ «ናሃግ ጻዒር» ነው፤ ዋጋው ይጨምራል፤ በስፖርት መኪና ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ልጁ መኪናዋን ሳይገዛ ዋጋ አስጠየቀ፤ ያኔ ነው የመኪናዋ ዋጋ አንድ ነገር፣ የማቆያዋ ዋጋ ሌላ ነገር መሆኑን ያየው። ዕቁቡ ሲደርሰው 24 ሞልቶት ነበር።

ሦስተኛው ጥቅም ዝናቡ ነው። ሁለተኛዋን መኪና ያየናት በጤቤት ወር፣ ሰማዩ እየጣለ ነው። ውሃ የምናፈስበት ምክንያት አልነበረም፤ እግዚአብሔር አፈሰሰልን።

ከማየታችን በፊት ሌላ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ልጆች መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት በአውቶማቲክ ነው። በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማርሽ ያለው መኪና መንዳት አይፈቀድለትም፤ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ስፖርት መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ባለ ማርሽ ናቸው። ልጃችሁ ባለ ማርሽ መኪና ሊገዛ ሲል «መንጃ ፈቃድህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ልጅ በማርሽ ነው የተፈተነው።

ሁለተኛዋ መኪና

የሁለተኛዋ ሻጭ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ያለፉትን ዓመታት የሙሳኽ ደረሰኞች በአንድ ክላሴር ውስጥ በተራ አስቀምጠዋል። ይህን ሳይ ልቤ ትንሽ ረጋ። ግን ክላሴር ስላለ ምርመራ አይቀርም።

መጀመሪያ ወረቀቱን አየን። ሪሺዮን ሬኼቭ ላይ ያለው ስም ከሻጩ ቴዑዳት ዜሁት ጋር አንድ መሆኑን፣ መኪናዋ በየትኛው ዓመት መንገድ ላይ እንደወጣች፣ ስንተኛ እጅ እንደሆነች፣ ቀድሞ የግል ሰው ወይስ የኪራይና የሊሲንግ ድርጅት ንብረት እንደነበረች። የኪራይ መኪና ብዙ ሰው ነድቷታል፤ ዋጋዋ ይቀንሳል። ከዚያ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው ራሻም ሃማሽኮኖት መኪናዋ ለብድር መያዣ እንዳልሆነች አጣራን። ዕዳ ያለባት መኪና ከገዛችሁ የሰው ዕዳ ገዛችሁ ማለት ነው።

ሞተሩ ከመሞቁ በፊት እንድንደርስ ቀድመን ለምነናቸው ነበር። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ እውነቱን ይናገራል፤ ከሞቀ በኋላ ብዙ ድምፅ ይደበቃል። ጎረቤታችን ከኋላ ቆመው የማርሚታውን ጭስ አዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ በብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ እንፋሎት ግን ምንም አይደለም።

የታይሚንግ ቀበቶ ጉዳይም አለ። ብዙ ሞተሮች ውስጥ ያለ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ሊገድለው ይችላል። የሚለወጠው በኪሎሜትር ወይም በዓመት ነው፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ የምትነዳው በሻባት ማግስትና በበዓል ስለሆነ ኪሎሜትሯ ትንሽ፣ ዕድሜዋ ብዙ ይሆናል፤ ሻጩ «ብዙ አልተነዳችም» ቢልም ቀበቶው አርጅቷል። አንዳንዶቹ ሞተሮች በቀበቶ ፈንታ ሰንሰለት አላቸው፤ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ከ2005 ወዲህ በሰንሰለት ነች፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀበቶ ነበራቸው። ስለዚህ «የትኛው ነው? መቼ ተለወጠ? ደረሰኙስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሽማግሌው ደረሰኙን ከክላሴሩ አወጡት።

የጎማ ዕድሜም እንደ በቅሎ ጥርስ ይነበባል። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 1217 ከሆነ በ2017 ዓመት በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ አሮጌ ሊሆን ይችላል። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ቁጢጥ ብሎ አራቱንም ጎማ ራሱ አነበበ፤ ሁለቱ አሮጌ ነበሩ።

ለሙከራ ስንነዳት መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የሻጩ ኢንሹራንስ ወጣት ሾፌር አይሸፍንም ነበርና። ይህንንም ሳይጠይቁ መሪ መያዝ አይገባም። በሄርጽል ጎዳና ወጥተን እስከ ቢሉ መገናኛ ሄድን፣ ተመለስን። ሬድዮ አልከፈትንም። ጉድጓድ ስናልፍ ከታች ምን ይሰማል? ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል ወይ? ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ላላ ሳደርገው ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች ወይ? ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ከየት ነው? ዝናቡ ሲያባራ ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ከፍተን ዘጋነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ የደከመ ከሆነ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይታወቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ምንጣፉ ደረቅ ነበር።

የምርመራው ወረቀት

ከዚያ ወደ ማኾን ብዲቃ ወሰድናት። ማኾኑን ሻጩ አልመረጡትም፤ ልጁ መርጦ ልጁ ከፈለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሻጭ የመረጠው መርማሪ የሙሽራው ወገን የላከው ሽማግሌ ነው።

ለካብሪዮሌ ልዩ ትኩረት የሚሰጠው ሻንሲው ነው። በተራ መኪና ጣሪያው አካሉን ከሚያጠነክሩት ክፍሎች አንዱ ነው። ጣሪያ የሌላት መኪና ያንን ጥንካሬ የምታገኘው ከወለሉ፣ ከበሩ ሥር ካለው ብረትና ከፊት መስተዋቱ ክፈፍ ነው። እዚያ የተመታች ወይም የዛገች መኪና ውበቷ ቢኖርም ጉልበቷ የለም። መርማሪው መኪናዋ ወደ ላይ ተነስታ በሮቿን ከፍቶ ዘጋ፤ አካሏ የደከመ መኪና ስትነሳ በሯ ይያዛል። ቀለሙንም በመሣሪያ ለካ፤ ከቀለም ሥር እስቱኮ ካለ ውፍረቱ ይናገራል። ቤት ውስጥ በማግኔት የሚሞክሩ አሉ። ማግኔት ብረትን እንጂ አሉሚኒየምን አይዝም፤ የአንዳንድ ስፖርት መኪናዎች ኮፈን፣ የኤም ኤክስ 5ም ጭምር፣ ከአሉሚኒየም ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ስላልያዘ ብቻ ሰውን በሌብነት አንጠርጥር።

ወረቀቱ ሲወጣ የእህቴ ልጅ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ «ሻንሲዋ ደህና ነው!» አለ። እኔ «ቁጭ በልና ለአባትህ ከላይ ጀምረህ ተርጉምለት» አልኩት። ተረጎመለት። የኋላ ሾኮች ደክመዋል፤ ትንሽ የዘይት ማፍሰስ አለ፤ ሁለት ጎማ መለወጥ አለበት፤ የጣሪያው ጎሚኒ በአንድ በኩል ደርቋል። አባቱ በየመስመሩ «ይህ ስንት ነው? ሳይሠራ መንዳት ይቻላል?» ይላል። ልጁ መልሱን የማያውቀውን ወደ ጎረቤታችን ደውሎ ይጠይቃል። ለአንድ ሰዓት ያህል አባትና ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የዚህን አገር ወረቀት ለአባቱ ሲያነብ ኖሯል፤ አባቱ ግን ያን ቀን የሰማውን ብቻ የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ ጠያቂው እሱ ነበር።

ዋጋው ላይ የሌቪ ይፅሓቅን መሒሮን መነሻ አደረግን። ያ ዝርዝር መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከዚያ ላይ ስንተኛ እጅ፣ ኪሎሜትርና ጉድለት ይቀነሳል። ሻጩ ወረቀቱን አይተው የጎማውንና የሾኩን ዋጋ ቀነሱ። የጎሚኒውን አልቀንስም አሉ። ተስማማን። ዚኽሮን ድቫሪም ተጻፈ፤ ገንዘቡ የተሰጠው ባለቤትነቱ በሚዛወርበት ሰዓት ነው፣ በባንክ ቼክ። በእጅ ጥሬ ገንዘብ፣ በቃል ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ለባንክ ዓረቭ ሆኜ አልፈርምም ያለው አባት በዚህኛው ወረቀት ላይ ምስክር ሆኖ በአማርኛ ፊደል ፈረመ።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ብዙዎቻችን በልጆቻችን ፊት «እኔ ምን አውቃለሁ» እንላለን። ቋንቋውን አናውቅም፣ ኮምፒዩተሩን አናውቅም፣ ሞተሩንም አናውቅም። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ይቀረናል፤ ወይ ዝም ብሎ መፈረም፣ ወይ «አይሆንም» ብሎ መቆጣት። ሁለቱም ልጁን ብቻውን ይተዉታል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ መጠየቅ። ለመጠየቅ ዕብራይስጥ አያስፈልግም።

ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው። ለምንድን ነው የሚሸጣት? በመጨረሻው ቴስት ስንት ኪሎሜትር ነበረች? መያዣ አለባት ወይ? ማነው የመረመራት፣ ማነውስ መርማሪውን የመረጠው? ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ታነብልኛለህ? ኢንሹራንሱ በአንተ ዕድሜ ስንት ነው? ጣሪያዋ በዝናብ ታይቷል ወይ? ዛሬ ካልገዛህ ምን ይቀርብሃል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። ዛሬ ብቻ የሚገኝ መኪና የለም፤ ነገ ሌላ ይሸጣል።

ልጁ እነዚህን መልሶ ከመጣ፣ መኪናዋ ጣሪያ ባይኖራትም፣ ቀለሟ ዓይን ቢወጋም፣ ይግዛ። የሚወደውን በጥንቃቄ መግዛት የለመደ ልጅ ነገ ቤት ሲገዛም፣ ማሽካንታ ሲፈርምም ይጠይቃል።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን በመንገድ ይጠብቃቸው፤ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። አሜን።